ሳይደርቅ የተመሰገነ ድንጋይ

ሰኞ

ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ አሳፈርኳት። ለዓይኗ ሕክምና ልጇ ዘንድ ሄደች። የአውቶቡሱን ደረጃ በእግሯ እየዳበሰች ወጣች፣ መስኮት አጠገብ ካልሆነ ብላም አስቸገረች። ምን ልታይበት እንደሆነ እንጃ። ሊንቀሳቀስ ሲል እጇን በመስኮት አውጥታ፣ እኔ እዚህ ቆሜ፣ ከጎኔ የቆመውን የማናውቀውን ሰውዬ «ደህና ሁን ኩታራ» አለችው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ «ደህና ይግቡ እናቴ» አላት። ሳቅሁ።

ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ እስከ ዛሬ ኩታራ ነኝ። አሳድጋኛለችና መብቷ ነው። ሰው ፊት ባትለው ግን ምን ነበረበት።

ድንጋዩን እኔ ጋ ትታዋለች። በጨርቅ ጠቅልላ፣ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ። «እንዳትነካው። ስመጣ አብረን ነው» ብላኛለች።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ብስኩት መስሏት ቆርቆሮውን ከፈተችው። «ይሄን ነው እንደ አራስ ልጅ አቅፋችሁ የምትዞሩት?» አለች። ለማያውቅ እውነቷን ነው። ቡጢ የሚያክል ነጭ እብነ በረድ ነው፣ ባንድ ጎኑ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ማዕዘን ብቅ ያለችበት። ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል፣ እየተፈለጠ ለዶቃና ለቀለበት ይሸጣል። በራሱ መልክ ያደገ፣ ፊቶቹ በሥርዓት የወጡለት ክሪስታል ግን ስንት ድንጋይ ተፈልጦ ነው የሚገኘው! እትዬ ይሄን ስትገዛ ያየችው ያቺን ጥፍር ብቻ ነው። «ውስጡ ሙሉው አለ» አለች። የገዛችው ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜ ነው። ሌላ ሌላውን እያስቀደምን ይሄኛውን ለመጨረሻ አቆየነው። ጥሩ ነገር አይቸኮልበትም ትላለች።

የኛ ደንብ የታወቀ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ እሷ ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት ወንበር። ጥርስ ሐኪም ቤት ረዳት ሳለች የሰበሰበቻቸው ያረጁ የብረት መርፌዎች አሉ። አንዳችን ክሪስታሉን የሸፈነውን ነጩን በመርፌ እንፍቃለን፣ ሌላችን እያየን እናወራለን። ብቻን ድንጋይ መክፈት የለም። አሲድ የለም። ሌላም ደንብ አላት፦ ድንጋይ ሳይደርቅ አይመሰገንም። ውሃ የነካው ድንጋይ ሁሉ ቆንጆ ነውና።

ድንጋዩ ተከፍቶ ሲያልቅ ካርድ ትጽፍለታለች። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከሥር ደግሞ «የከፈቱት፦ እህትና ወንድም»። እስከ ዛሬ ያልተለወጠ ጽሑፍ ነው።

ሐሙስ

የድንጋይ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ስብሰባ። በዚህ ወር መጨረሻ ኤግዚቢሽን አለ። የመሃሉ ጠረጴዛ ባለቤት አላገኘም። ሊቀመንበሩ «እህትዎ ምን ያቀርቡ ይሆን?» አለኝ። እህትዎ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ።

ስወጣ በሩ አጠገብ ሁለት አባላት ሲያወሩ ሰማሁ። «እሱ እኮ የእህቱ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ዓይኑ የሷ፣ ትከሻው የሱ።» ተሳሳቁ። ደግሞ ቀልዱ አይከፋም። ግድ የለኝም።

ዓርብ

የምረቃ ፎቶ ወቅት ነው፣ ሱቄ ፍሬም በሚያሠራ ሰው ተሞልቷል። ፍሬም፣ ፍሬም፣ ፍሬም። መስታወት ስቆርጥ ሁለት ሰበርኩ። ትከሻው የሱ! ግድ የለኝም ብያለሁ።

እሁድ

እትዬ ቤት ሄጄ አበባዋን ውሃ አጠጣሁ። ድንጋዩን ይዤው ሄጄ ነበር፣ ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አልነካሁትም። መርፌውን ብቻ ያዝኩት።

እሺ፣ ትንሽ ጫር ጫር አድርጌያለሁ፤ ከኋላ በኩል ነው፣ አይታወቅም። በዚህ አያያዝ ዓመት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኛለች ሁልጊዜ። ይሂድ እሺ፣ ማን ከለከለው። የት ደረሰ ግን?

ማክሰኞ

የእህቴ ልጅ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ «አጎቴ፣ ዶክተሩ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎናል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ብርሃንም ሊሄድ ይችላል። ለሷ አልነገርናትም» አለችኝ።

ደንበኛ መጥቶ፣ ቆሞ ቆሞ ሄደ።

ይሄን ድንጋይ ሳታየው ልትቀር ነው። በነጭ ውስጥ እንደተቀበረ፣ ጥፍሩን ብቻ እንዳየች። አይሆንም! ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተከፍቶ፣ እኔ ራሴ ይዤላት ሄጄ፣ መዳፏ ላይ አስቀምጬ ማየት አለባት። በመርፌ አይደርስም። ሌላ መላ ይፈለግ።

ደግሞ አስቀድሜ ኤግዚቢሽኑ ላይ አቆየዋለሁ፤ መንገድ ላይ ነውና ምን ይጎዳል።

ረቡዕ

ድንጋይ ነጋዴው ሱቅ ድረስ መጣ። አፈ ቅቤ ነው የምንለው፣ የአባባሉን ቀሪ ግማሽ አልጽፍም። ነገሩን ሳጫውተው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«በመርፌ? ጋሼ፣ እናንተ በመርፌ ስትጭሩ የልጅ ልጅ ይደርሳል እኮ! እብነ በረድ የአሲድ ምሳ ነው። ጣል ያድርጉትና የራስዎን ሥራ ይሥሩ። ሲመለሱ ክሪስታሉ እንደ ሙሽራ ብቻውን ቆሞ ይጠብቅዎታል።»

«ላፒስን አይነካውም?»

«ኖራ የያዘውን ያን የራስዎን ነጭ ድንጋይ ባለፈው በአሲድ አጽድተው የለ? ምን ሆነ?»

ምንም አልሆነም፣ እውነት ነው። ግን እሱ አሲድ የማይበላው ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነበር፣ የእሁዳችንም አልነበረም። ያን ያህል አውቃለሁ።

ሐሙስ

ደደብ አይደለሁም። በመጀመሪያ ሞከርኩ። ከተሰበረ ላፒስ አንዲት ፍንጣሪ ወስጄ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በውሃ አቅጥኜ ከተትኳት። ትንሽ አረፋ፣ ሌላ ምንም። አውጥቼ በውሃ አለቀለቅኳት። ሰማያዊ! እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ደመቀች። ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ፍንጣሪዋን ጋውኔ ኪስ ከትቼ ወደ ሥራዬ።

ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። የመሃሉን ጠረጴዛ ያዝልኝ አልኩት። «በእህትዎ ስም ነው?» አለ። በእኔ ይሁን፣ እሷ አሞኛል ብላለች አልኩት። አሞኛል አላለችም። ግን ያው ነው፣ ታማ አይደል?

ቅዳሜ፣ ቀን፣ በጥድፊያ

ጠዋት ድንጋዩን ጓሮ ባለው የአሲድ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ክዳን ደፋሁበት። ሱቅ ገባሁ። ደንበኛ ምስማር ስጠኝ አለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። እጄ ላይ የመጣው ፍንጣሪዋ ናት። አመድ መስላለች። አመድ! ደርቃ።

ሱቁን ክፍት ጥዬ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ማታ

አሁን ልጻፍ።

በሩን ስከፍት የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፈነኝ። ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጎረቤት ፊት ትጮሃለች፣ «ቧንቧው ፈንድቷል! የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቻለሁ!» ትላለች። ለካ የቧንቧው አልነበረም። የድንጋዩ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው እኔን ተከትሎ ጓሮ ገባና፣ ባልዲውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «አባባ፣ ምን እየቀቀሉ ነው?» አለኝ።

ያ በእግሩ ሲሄድ የነበረ እንቁላል እኔ ጋ ሲደርስ ገማ። እየጻፍኩት ሳቄ መጣ። ሳቅ አይደለም ግን።

ባዶ እጄን ከትቼ አወጣሁት፣ ጣቶቼ እስካሁን ያቃጥሉኛል። ደጋግሜ በውሃ አጠብኩት። እና እውነቱን ልጻፍ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጩ ተበልቶ፣ ክሪስታሉ ሙሉውን ወጥቶ ቆሟል። አውራ ጣት ያክላል፣ ፊቶቹ አንድም አልጎደለም። እትዬ እንዳለችው፣ ውስጡ ሙሉው ነበረ። እርጥብ ሆኖ ሰማያዊነቱ ዓይን ያጠግባል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «አየሽ!» አልኳት ባለቤቴን። «አየሁ፣ ቆንጆ ነው፣ አሁን ቤቱን አናፍስልኝ» አለች።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ፊቱ ቁጭ አልኩ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ፍንጣሪ ረስቻት አልነበረም፣ ምናልባት ይሄኛው ይለያል ብዬ ነው። ከጠርዙ መንጣት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ዱቄት፣ ከዚያ እየገባ፣ አንዱን ፊት ከሌላው አስከትሎ። በውሃ አራስኩት፣ ሰማያዊ ሆነ። ደረቀ፣ ነጣ። እንደገና አራስኩት። ስንት ጊዜ እንዳራስኩት አላውቅም። ባለቤቴ መጥታ እጄን ያዘችኝ፣ «በቃ፣ ተው» አለችኝ። እንደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ካናገረችኝ ቆይታለች።

ድንጋይ ሳይደርቅ አይመሰገንም። ይሄን የተማርኩት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ፍንጣሪዋን መስኮት ላይ ትቼ እስክትደርቅ መጠበቅ ምን ነበረበት? ሰው እንዴት የገዛ ቤቱን ደንብ ይረሳል?

ሰኞ

የእህቴ ልጅ፦ «አጎቴ፣ እመጣለሁ ብለህ ነበር እኮ። እማዬ ትጠብቅሃለች።» ዝናቡ፣ ሥራው፣ የምረቃው ፍሬም አልኳት። ደህና፣ ሥራው እንኳ እውነት ነው።

ረቡዕ

እትዬ ራሷ ደወለች። ጨዋታዋ እንዳለ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ነርስ ጥርሷ የሚያምር መሆን አለበት፣ ሳቋ ያስታውቃል አለችኝ። ከዚያ፣

«ድንጋዬስ?»

«እንዳለ ነው» አልኩ።

«አልነካኸውም?»

«ምን ልነካው እትዬ።»

«ዓይኔ ካልሆነልኝ በጣቴ እከፍተዋለሁ» አለች። «አንተ እያየህ ትነግረኛለህ፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ። ዋናው አብረን መሆናችን ነው።»

ስልኩን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሙት አየሁት። በጣቷ ልትከፍተው። ይሄ ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር።

ዓርብ

አፈ ቅቤ፦ «ታዲያ ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ዘይት ይቀቡት! ግማሹ ገበያ እኮ በዘይት ነው የሚኖረው።» ልደበድበው ነበር። አልደበደብኩትም።

የስፌት ማሽን ዘይት። በጥጥ፣ ስስ አድርጌ። ተመለሰ ሰማያዊው። ለኤግዚቢሽኑ ብቻ ነው፣ ስሜ ተጽፏል፣ አሁን ልሰርዝ ብል ምን ይሉኛል። ከዚያ አጥበዋለሁ።

እሁድ

ኤግዚቢሽኑ አለፈ። ሕዝቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ዋለ። በሩ አጠገብ የሳቁት ሁለቱ መጥተው ጨበጡኝ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ካርዱን ጮክ ብሎ አነበበው። የእኔ ስም ብቻ ነበር። ሳያነብ ይለፈው ብዬ ጸልዬ ነበር፤ ሲያነበው ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። እቤት እስክገባ ደስታው አልለቀቀኝም፣ ይሄ ነው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ።

እቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ነበር?» አለች። ጥሩ አልኳት። «እሷስ ሰማች?» አለች። ድንጋዩን ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ቀዶ ሕክምናዋ ነው። መስታወት አልቆረጥኩም፣ ስልኩ አጠገብ ዋልኩ። ከቀዶ ሕክምናው ወጥታለች፣ ደህና ናት፣ ፋሻው ሲፈታ ይታወቃል አሉ።

ዓርብ

ታያለች!

የእህቴ ልጅ እያለቀሰች ነው የደወለችው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያለችው «አንቺ፣ ከስተሻል እኮ» ነው አሉ። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አነበበች። ከዚያ መስኮት ሄዳ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ እንደ ተማሪ ጮክ ብላ ስታነብ የክፍሉ በሽተኞች ሁሉ አጨበጨቡላት። ዶክተሩ ራሱ አላመነም።

ስልኩን ነጥቃ፣ «ኩታራ! ሰማህ? እንደ ድሮዬ! መርፌዎቹን ሳል። ከእንግዲህ ያለውን እሁድ ሁሉ እሱ ላይ ነን። ዓመት ይፍጅ፣ ሁለት ዓመት ይፍጅ፣ እንኳንም ለመጨረሻ አቆየነው!»

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጊዜ የለም ብዬ ነበር እኮ። ጊዜ ነበረ። ጊዜ ሞልቶ ነበር።

ሐሙስ

ነገ ትገባለች። ዘይቱን ልተወው? ልጠበው? ዓይኗ ገና ነው፣ ደብዛዛ ብርሃን ላይ ላሳያት?

ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ።

አላጠብኩትም።

እሁድ

ከሰዓት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት ወንበር። እኔ ከመድረሴ በፊት መርፌዎቹን በጨርቅ ላይ ደርድራቸዋለች። ፊቴን ይዛ ብዙ አየችኝ። «አርጅተሃል!» አለች፣ እየሳቀች። «ማንም አልነገረኝም።»

ቆርቆሮውን ሰጠኋት። ጨርቁን ፈታችው። የምለውን ሁሉ በመንገድ አጥንቼ መጥቼ ነበር፣ አንድም አልወጣኝ አለ። ክሪስታሉን አየች። ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ለአፍታ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ደስታ ነበር፣ እምላለሁ። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ተነሣች። ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ሲወርድ ሰማሁ፣ ሳሙና ሲፋቅ ሰማሁ። በፎጣ አድርቃ ይዛው መጣች፣ መስኮቱ ላይ ፀሐዩ ዘንድ አስቀመጠችውና ወንበሯ ላይ ተመለሰች። እስኪደርቅ ጠበቅን። እንደ እሁዶቻችን ሁሉ ነበር፣ ወሬው ብቻ የለም።

ነጣ።

«በአሲድ ነው?»

«በአሲድ ነው እትዬ። ላታዪው ነው ብለውኝ፣ እንድታዪው ብዬ፣ ልጅሽ ደውላ…»

«እና ይዘህልኝ መጣህ?»

«ኤግዚቢሽን ነበረ» አልኩ። ውሸት አልቆብኝ ነበር። የካርዱንም ነገርኳት፣ የማን ስም እንደነበረበት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ምነው በወረወረችው ብዬ ተመኘሁ። መርፌዎቹን አንድ በአንድ አንሥታ ጠቀለለቻቸው።

«ሰማያዊ ድንጋይ ገበያ ሞልቷል» አለች። «እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ሳስብ የነበረው ድንጋዩን አይደለም። ያቺ የመጀመሪያዋ ፊት ብቅ ስትል አብረን ስንጮህ ነው። ውስጡ ሙሉው አለ ብዬህ አልነበር? ሲወጣ ማንን ጠርተህ ነው ያሳየኸው?»

ባለቤቴን አልኩ። ቤቱን አናፍስልኝ አለችኝ አልኩ።

ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

«ሣጥን ሥራለት» አለች ስወጣ። «ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል።»

ቅዳሜ

ሣጥኑን ሠራሁ። ጥሩውን እንጨት አወጣሁለት፣ መስታወቱን ራሴ ቆረጥኩ። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ አንደኛ ነው፣ ለዚያ ሙት።

ወስጄ መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሻይ ቀዳችልኝ። ካርዱን ጽፋ አዘጋጅታለች። ስንት ዓመት መስመር የሚስተው ፊደሏ አሁን ቀጥ ብሏል።

«ዓይኔን ልፈትንልህ» አለች። መነጽር የለ፣ ምን የለ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከመደርደሪያው ራቅ ብላ ቆመች። ካርዶቹን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ታነብልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን፣ የከፈቱት፦ እህትና ወንድም። ሁለተኛውን፣ እህትና ወንድም። ያን ነጩን፣ ያን አረንጓዴውን፣ ያን በሠርጌ ሰሞን የከፈትነውን፣ እህትና ወንድም፣ እህትና ወንድም። ድምፅዋ አልተለወጠም። የመጨረሻው ዘንድ ደረሰች።

«ላፒስ ላዙሊ፣ በእብነ በረድ ላይ። የከፈተው፦ ወንድም፣ ብቻውን።»

«ደህና ታያለሽ» አልኳት።

«ደህና አያለሁ» አለችኝ።